ስንዝር

የዘጠነኛ «ለ» የግድግዳው ካርታ
ጫፉን በልቶታል የጣራው ጠብታ።
ጅማ አትታይም፤ ምስማር ገብቶባታል፤
የሰቀላት ሰውዬ ልቧን ወግቷታል።
ማስመሪያ የለንም፤ በስንዝር ለካሁት፤
ከዚህ እስከ አፋር ጨው ሁለት ተኩል አልሁት።

መጽሐፉ ይላል፦ «ጥንታዊው ሥልጣኔ
በወንዝ ዳር በቀለ።» አልዋሸም፤ ግን እኔ
ስለ ግብፅ፣ ስለ ኑብያ፣ ስለ አክሱም አንብቤ
አንድ መስመር አጣሁ የሚያወራ ስለ ጊቤ።

ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወሰድኋቸው፤
ከጨው ተራው መሐል ደርድሬ አቆምኋቸው።
ሽማግሌው ሙዘይን ሳጥን ከፈተልን፤
«ሳትነኩ እዩ» ብሎ ቀስ አርጎ ገለጠልን።
አንዲት አሞሌ ናት፣ በኮባ የታሰረች፣
ከቅድመ አያቱ እጅ ሳትሸጥ የቀረች።
«ስትነሣ» አለ፣ «ስንዝር ተኩል ነበረች፤
በየኬላው ስትላስ እዚህ ላይ ደረሰች።»

እኔም ቀጠልሁበት፣ እንደ መምህር ወጌን፦

አክሱም ባሕር ነበራት፣ ግብፅም ደለል አላት፤
የኛ አገር ዝናብ ጠግቦ ጨው ነው የጎደላት።
ምንም ያልጎደለው መንገድ አይጠርግም፤
ለማያውቀው እንግዳ በሩን አይከፍትም።
ከባሕር ወለል በታች፣ ከሚነደው ሜዳ
ግመል ተሸከማት ገና በማለዳ፤
ደጋው ላይ ግመሉ ጉንፋን ይዞት ቀረ፤
በቅሎ ተረከባት፣ ጉዞ ተጀመረ።
በባሶ ገበያ ጠርዟ ተሸረፈ፤
የተረፈው በጀንዲ ዓባይን አለፈ።
ጉድሩ ቀረጣት፣ ሊሙ ደገመባት፤
ክረምት መጣና ጊቤ ዘጋባት።
ዘውድ ያልጫነ ንጉሥ ጊቤ ነበር ያኔ፤
«እስከ መስከረም ቁም! የመሻገሪያ ዳኛው እኔ!»

የቆመ ነጋዴ ጎጆ ይቀልሳል፤
ጎጆ ካለ ደግሞ ሚዛን ይተከላል፤
ሚዛን ባለበት ላይ ዳኛ ይሾማል፤
የዳኛው ልጅ አድጎ ግቢውን ያጥራል።
«መንግሥት ማለት» አልሁ፣ «ሌላ እንዳይመስላችሁ፣
ወንዝ ሞልቶባቸው የቆሙ ሰዎች ናቸው፣ ልጆች፣ ልንገራችሁ።»

በምላሹም ሄደ
በበሬ ቀንድ ዝባድ፣ ቆሮሪማ በስልቻ፣
የዝሆን ጥርስ… የማውቀው ይኼን ነበር። ይኼን ብቻ።

ራውዳ ከኋላ ነች፣ ብዕሯን ታኝካለች፤
«ቲቸር፣ ይቺ አሞሌ ምን ትገዛ ነበር?» አለች።

ሙዘይን ዝም አለ። ኮባውን አጠፈ።
የሚዛኑ ምላስ ግራ ቀኝ ቀዘፈ።
ከሳጥኑ ሥር ደግሞ መዝገብ ሳበ ሌላ፣
በዐረብ ፊደል የተጻፈ፣ ዳሩን ብል የበላ፤
እየተረጎመ፣ መነጽር ሳያደርግ፣ ቃል በቃል አነበበው፤
(በቃሉ ሳያውቀው አልቀረም፤ ስንቴ አንብቦታል ይኼ ሰው?)

«ከደቡብ የመጣች። አንዲት። አምስት ስንዝር።
ጥርሷ ሙሉ። ሳል የላትም።
ሰባ አሞሌ፣ አንድ ጠገራ ብር።»

«ስሟስ?» አለች ራውዳ። ጣቱ መስመሩን ሄደ፤
ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ባዶውን ወረደ።
«ጨው ለራስህ ስትል…» ብሎ ጀምሮ ተወው፤
አሞሌዋን በኮባ እንደገና አሰረው።

እጄን አየሁት፣ ካርታ የምለካበት፣
ከዚህ እስከ ባሕሩ አገር የሚገባበት።
በእንዲህ ያለ እጅ ነው፣ ጣት ከጣት ተወጥሮ፣
ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ የተለካችው እስከ ጆሮ።

በአዌቱ ድልድይ በኩል ተመለስን በእግር።
ማንም አላወራም፤ ወንዙ ብቻ ነገር ነበረው የሚናገር።
ራውዳ ከፊቴ ሄደች፤ ዓይኔ ሳላስበው ለካ፤
አምስት፣ ስድስት ይላል። ስንዝር የለመደ ዓይን ሰውንም ይለካል፣ ለካ!

አርብ ጠዋት ካርታውን ከምስማሩ አወረድሁት፤
ለግዥ ክፍል የሚሄድ አንድ ቅጽ ሞላሁት፦
«አንድ ማስመሪያ፣ እንጨት፣ ባለ አንድ ሜትር።»
ቀን። ፊርማ። የክፍል ቁጥር።
«ምክንያት» በሚለው ላይ ብዙ ቆየሁና
ጻፍሁ፦ «እጄ ተይዟልና።»